የሐጂ ደብተርና አንድ ቀን ወደ ኋላ የቀረው መተግበሪያ

በኅዳር ወር፣ የእሸት ቡና ግዥ በተጧጧፈበት ሰሞን፣ ቡና ሰብሳቢው ሐጂ ደብተራቸውን በአንድ እጃቸው፣ ስልካቸውን በሌላው ይዘው ጅማ መርካቶ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ቢሮዬ ገቡ። ደብተሩ አንድ ገበሬ ቡናውን ያስረከበው ማክሰኞ እንደ ነበረ ይናገራል፤ እኔ የሠራሁላቸው መተግበሪያ ግን ሰኞ ይላል። ሐጂ ነገር ሲበላሽ የሚቆጡ ሰው አይደሉም። ሁለቱንም ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው «ልጄ፣ ከነዚህ አንዱ ይዋሻል፤ ደብተሩን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉና ስልኩን ትተውልኝ ወጡ።

ሙያዬ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው። ኮድ መጻፍን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠሩ የኮድ ረዳቶች የምፈልገውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም እየነገርኩ፣ የሰጡኝንም ኮድ ቀስ በቀስ ማንበብ እየለመድኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ሐጂ በጅማ ዙሪያ ካሉት ከማናና ከጎማ ወረዳ ገበሬዎች እሸትና ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ይሰበስባሉ። ከመኸሩ በፊት ለብዙዎቹ ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ቡናው ሲመጣ በኪሎ ይመዝናሉ፣ ዋጋውን ግን በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ ይነጋገራሉ፤ በመጨረሻም ቅድሚያውን ቀንሰው ቀሪውን ይከፍላሉ። መተግበሪያው ይህንኑ መዝግቦ ትንሽ ደረሰኝ እንዲያትም ነበር የተፈለገው። የመጀመሪያው ቅጂ በ4 ምሽት አለቀ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የሄዱት ጉድለት በመፈለግ ሲሆን፣ አሁን መለስ ብዬ ሳየው ከጊዜው አብዛኛውን ያባከነው የረዳቱ አለማወቅ ሳይሆን እኔ ለረዳቱ ችግሩን የነገርኩበት መንገድ ነው።

የቀኑን ስህተት እንዳየሁ የጠረጠርኩት የዘመን መቁጠሪያውን ነበር። ጥርጣሬዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በየ4 ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች፤ ስለዚህም መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 11 ቀን ሲውል፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን ይውላል። የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ የዋለው በዚህ የተነሣ ነው። አንድ ቀን የሚያዛንፍ ነገር ካለ ከዚህ ሌላ የት ሊገኝ ነው ብዬ ረዳቱን «ወደ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚቀይረው ስሌት በአንድ ቀን ተሳስቷልና አስተካክለው» አልኩት። ረዳቱም እውነቴን እንደ ሆነ ነግሮኝ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ስሌቱን እንደ አዲስ ጻፈው። ችግሩ ባለበት ቆየ። ደግሜ ስነግረው ይህን ሥራ በአስተማማኝ ሁኔታ ይሠራል ያለኝን አንድ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የኮድ ስብስብ) እንድጭን ስሙን ሰጠኝ፤ ብፈልገው እንዲህ የሚባል ላይብረሪ የለም። (ይህ የረዳቶቹ የታወቀ ጠባይ ነው፤ ክፉ ሰው እንዲህ ያለውን የፈጠራ ስም ቀድሞ አስመዝግቦ ጎጂ ኮድ ሊያስቀምጥበት ስለሚችል፣ ስሙን ሳያጣሩ መጫን አደገኛ ነው።) በሦስተኛው ምሽት ረዳቱ ሌላውን ሁሉ ትቶ በስሌቱ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ደመረበት። የሐጂ ማክሰኞ ማክሰኞ ሆነ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሲነጋ ቀድሞ ልክ የነበሩት ቀኖች አንድ ቀን ወደ ፊት ሄደው ጠበቁኝ።

ልክ የነበሩ ቀኖች መኖራቸውን እስከዚያች ጠዋት ድረስ ልብ አላልኩም ነበር። የተደመረውን ቀን አንሥቼ 20 መዝገቦችን ከደብተሩ ጋር በወረቀት ላይ አመሳከርኩ፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ከመጀመሪያውም ይህን ማድረግ ነበረብኝ። 13ቱ ልክ ናቸው፤ 7ቱ አንድ ቀን ቀርተዋል። ሰባቱን ምን ያመሳስላቸዋል ብዬ ለሐጂ ስደውል ሳያመነቱ መለሱልኝ፦ ሰባቱ ስልካቸው ባትሪ ጨርሶ በደብተር ብቻ ተይዘው በማግስቱ የገቡ ናቸው፤ ቀኑንም የመረጡት በእጃቸው ነው። ልክ የሆኑት ግን ቡናው ሚዛን ላይ እንዳለ የተመዘገቡ፣ ቀንና ሰዓታቸውን ስልኩ ራሱ የሞላላቸው ናቸው።

ይህንኑ ያለ ምንም አስተያየት ለረዳቱ ጻፍኩለት፤ ምክንያቱ በመጀመሪያው መልስ ወጣ። በእጅ ከሚመረጠው መቁጠሪያ የሚመጣው ቀን የዚያን ዕለት እኩለ ሌሊት፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ተደርጎ ይያዛል። ኮዱ ከማስቀመጡ በፊት ይህን ሰዓት ወደ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይለውጠዋል። ኢትዮጵያ ከመነሻው በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት የነበረው የዋዜማው ምሽት 3 ሰዓት ይሆናል፤ ኮዱ ቀጥሎ ሰዓቱን ቆርጦ ጥሎ ቀኑን ብቻ ሲያስቀምጥ በእጁ የሚቀረው ዋዜማው ነው። ፀሐይ ሳለ የተመዘገበ ነገር ግን 3 ሰዓት ቢቀነስበትም ከዕለቱ አይወጣም። መድኃኒቱ ሰዓት የሌለውን ቀን ያለ ሰዓት፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ማስቀመጥ ነበር፤ ሁለት መስመር ብቻ ወሰደ። የዘመን መቁጠሪያው ስሌት ግን ከመጀመሪያውም ንጹሕ ነበር። በሦስት ምሽት እንዲበላሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

መድኃኒት ቤት ገብቶ የሚያመውን ከመናገር ይልቅ የመድኃኒቱን ስም ጠርቶ «አሞክሳሲሊን ስጠኝ» የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ጠንቃቃ ፋርማሲስት «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ረዳቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም፣ የተጠራውን መድኃኒት ያቀብላል። ምክንያቱም መልሱን የሚሠራው ከፊቱ ከተቀመጠው ጽሑፍ ተነሥቶ ሲሆን፣ «ስሌቱ ተሳስቷል» የሚለው የእኔ ግምት በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ተረጋገጠ ነገር ተቀምጧል። ረዳቶቹ የሚሠሩባቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ሰዎች የወደዱትን መልስ እንዲያበዙ ተደርገው የሠለጠኑ በመሆናቸውም ከተጠቃሚው ጋር ወደ መስማማት ያዘነብላሉ። ስለዚህ በሽታውን ስነግረው ያከምልኛል የምለው ረዳት፣ በሽታውን በተሳሳትኩ ቁጥር ጤነኛውን አካል ይቀድልኛል።

ከዚያ ወዲህ ለረዳቱ የምጽፈው ምን እንዳደረግሁ፣ ምን እንደ ጠበቅሁ፣ በምትኩ ምን እንዳየሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያው ነገር በየትኛው ሁኔታ በትክክል እንደሚሠራ ነው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ሲሆን፣ እንደ እኔ ልምድ ግን ከቀሩት ሦስቱ ይበልጣል፤ የሚሠራውና የማይሠራው ጎን ለጎን ሲቀመጡ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምክንያቱን ይጠቁማልና። ከዚህ ጋር አንድ ዐረፍተ ነገር እጨምራለሁ፦ ኮዱን ገና ሳይነካ ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችን እንዲዘረዝርልኝና አንዱን ከሌላው ለመለየት ምን ማየት እንዳለብኝ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። ስህተቱን በፈለግሁ ጊዜ ደግሜ ማሳየት እስክችል ድረስም «አስተካክል» አልለውም፤ ደግሜ ማሳየት የማልችለው ስህተት መስተካከሉን በምን አውቃለሁ?

ይህ ልማድ ቀደም ብሎ ቢኖረኝ ኖሮ ደረሰኝ ማተሚያው ያን ያህል ባላደከመኝ ነበር። ማተሚያው በብሉቱዝ የሚገናኝ፣ 58 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ወረቀት የሚጎርስ ትንሽ የሙቀት ማተሚያ ነው። የመጀመሪያው ደረሰኝ ሲወጣ ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክትና የማይነበብ ምልክት ሆነ። «ፎንቱ ተበላሽቷል» አልኩ፤ ረዳቱም የመተግበሪያውን ፎንት ሦስት ጊዜ ለዋወጠው፤ በዚህ ምክንያት የስልኩ ገጽታ አሁን ድረስ ያምራል፤ ደረሰኙ ግን ያው ነው። በኋላ የጻፍኩለት «በስልኩ ላይ ሁሉም ነገር ይነበባል፤ በወረቀቱ ላይ ቁጥርና የላቲን ፊደል ይነበባል፣ አማርኛው ብቻ አይነበብም» የሚል ነበር። ነገሩ ፎንት አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ፣ ውስጥ ያለ በመሆኑ ስልኩ ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ ርካሽ ማተሚያ ግን የሚያትመው በራሱ ማኅደር ውስጥ የተቀመጡለትን ፊደላት ብቻ ሲሆን፣ ከእነሱ መካከል ግዕዝ የለም። የዩኒኮድ ፊደላት በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ዘዴ አንዱ የእኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ማተሚያው ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ቆጥሮ ያልተጻፈ ነገር ያነባል። ማተሚያውን ፊደል ማስተማር ስለማይቻል ደረሰኙን በሙሉ ስልኩ ላይ እንደ ሥዕል ሥሎ ሥዕሉን መላክ መፍትሔው ሆነ።

በጣም የማፍርበት ግን የቀዩ መልእክት ጉዳይ ነው። ሐጂ ወደ ገጠር ሲወጡ ኔትወርክ በየመንገዱ ስለሚቋረጥ መዝገቡ ወደ ሰርቨሩ፣ ማለትም መዝገቦቹ ሁሉ ወደሚሰበሰቡበት ኮምፒውተር፣ መሄድ ሲያቅተው በስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ይህ ገበሬ ፊት ያሳፍራቸው ስለ ነበረ ረዳቱን «ቀዩ መልእክት እንዳይወጣ አድርግ» አልኩት። እንዳልኩትም አደረገ፦ ስህተቱ ሲፈጠር ተይዞ በዝምታ እንዲታለፍ፣ ከሥሩም «ተመዝግቧል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ እንዲወጣ። ማስታገሻ ጠየቅሁ፣ ማስታገሻ ሰጠኝ። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ላይ የሚታየው የቡና መጠን መጋዘን ውስጥ ካለው እያነሰ መምጣቱን እስካስተውል ድረስ 9 ቀን አለፈ፤ በዚያ መካከል 31 መዝገቦች ከስልኩ ሳይወጡ ቀርተዋል። አሁን ረዳት የጻፈውን ማንኛውንም ኮድ ስቀበል መጀመሪያ የማየው ስህተት የሚያዝባቸውን ቦታዎች ነው፤ ስህተትን ይዞ ምንም የማያደርግ፣ ሌላው ቢቀር በሎግ (ፕሮግራሙ የሆነውን በሚመዘግብበት ማስታወሻ) እንኳ የማይጽፍ ኮድ ካገኘሁ ሌላውን ሳላነብ እመልሰዋለሁ።

ያን ካስተካከልኩ በኋላም መዝገቡ እስኪሳካ ድረስ ደጋግሞ እንዲልክ ስላደረግሁት አንድ ጭነት ሁለት ጊዜ መታየት ጀመረ። «ድግግሞሹን አጥፋ» ብለው ኖሮ ያን ቀን አንድ ገበሬ ጠዋትና ከሰዓት ያመጣቸውን ሁለት እኩል ኩንታሎች አንድ አድርጎ ይቀንሳቸው ነበር፤ ደግነቱ በዚህ ጊዜ ትምህርት አግኝቻለሁ። የሚደገሙት የትኞቹ እንደ ሆኑ ሳይ፣ ሁሉም ኔትወርኩ መሐል ላይ የተቋረጠባቸው ናቸው፦ ሰርቨሩ መዝገቡን ተቀብሎ ጽፎታል፣ «ደርሶኛል» የሚለው መልሱ ግን መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ስልኩም አልደረሰም ብሎ ደግሞ ይልካል። ስለዚህ ስልኩ እያንዳንዱን መዝገብ ገና ሲፈጥረው ከማንም ጋር የማይጋጭ መለያ ቁጥር እንዲሰጠው፣ ሰርቨሩም ያንን ቁጥር ከዚህ በፊት ካየው «ደርሶኛል» ብሎ ብቻ እንዲመልስ ተደረገ።

የገበሬዎቹ ስም ደግሞ ለብቻው ታሪክ ነው። ቅድሚያ ሲወስድ «መሐመድ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ቡናውን ሲያመጣ «መሀመድ» ወይም «መሃመድ» ተብሎ ይፈለጋል፤ አሕመድና አህመድ፣ ሠይድና ሰይድ፣ ዐብዱና አብዱ እንዲሁ ናቸው። ስሙ አልተገኘም ይባልና እንደ አዲስ ሰው ይመዘገባል፤ ቅድሚያውም ሳይቀነስ ይቀራል። በዚህ ጊዜም የድሮ ጠባዬ አገርሽቶብኝ «ፍለጋው ጥብቅ ስለ ሆነ አላላው» አልኩት። ረዳቱ በአንድ ፊደል የሚለያዩ ስሞችን ሁሉ እንደ አንድ የሚቆጥር ፍለጋ ሠራ። ከማል ሲፈለግ ጀማል ይመጣ ጀመር። ከማልና ጀማል በጅማ ዙሪያ ምን ያህል እንደሚበዙ ለሚያውቅ ሰው ይህ መተግበሪያ ምን ያህል ጠብ ሊያስነሣ ይችል እንደ ነበረ መንገር አያስፈልግም። የማይገኙትን ስሞች በዝርዝር ስሰጠው ግን ሁሉም ድምፃቸው አንድ ሆኖ ፊደላቸው የተለያየ መሆኑን ራሱ ለየው፤ ሐ፣ ኀ እና ሃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው እንዲነጻጸሩ፣ የተጻፈው ስም ግን ባለቤቱ በጻፈው ፊደል እንዲቀመጥ አደረገ። ረዳቱ ስለ ሞክሼ ፊደላት ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ያላወቀው ችግሬ እነሱ መሆናቸውን ነው።

የስልክ ቁጥሩን በአጭሩ ልለፈው፦ ማጣሪያው በ09 የማይጀምር ቁጥር አይቀበልም ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መኖራቸውን ለረዳቱ መንገር በቂ ሆነ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ ካልተቻለ ዋጋ የለውም። የተሳሳተ ጥገና ራሱ አዲስ ጉድለት ነው፤ በላዩ ሌላ ጥገና ሲደረብ የመጀመሪያው ችግር የቱ እንደ ነበረ እንኳ ይጠፋል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጂት የተባለው የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ለዚህ ነው የሚጠቅመኝ፤ ለረዳቱ አንድም ቃል ከመጻፌ በፊት ያለውን ኮድ ኮሚት አደርጋለሁ፣ ማለትም ልመለስበት የምችል ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ ሁለት ሙከራ ካልተሳካ ሦስተኛውን ከመለመን ወደ ተቀመጠው እመለሳለሁ። ጉድለቱ መቼ እንደ ገባ በማይታወቅበት ጊዜም መካከለኛውን ኮሚት እየሞከሩ ግማሽ ግማሹን መጣል ይቻላል፤ በዚህ መንገድ 64 ኮሚቶች ውስጥ የተደበቀ ጥፋት በ6 ሙከራ ይገኛል። ከኮዱ ጋር ንግግሩንም እጥላለሁ። በረጅም ንግግር ውስጥ ያልተሳኩት ጥገናዎችና የእኔ የተሳሳቱ ግምቶች ሁሉ እዚያው ተቀምጠው ረዳቱን ወደዚያው ይጎትቱታል፤ ንግግሩ ሲንዛዛም የመጀመሪያዎቹን መመሪያዎች መዘንጋት ይጀምራል። ግማሽ ገጽ የችግሩን ምልክቶች ዝርዝር ይዞ አዲስ ንግግር መክፈት ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ የዳታ ጥቅሌንም ይቆጥብልኛል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው አንድሬ ካርፓቲ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ኮዱን ሳይመረምሩ ለሞዴሉ ትቶ ለመሥራት «ቫይብ ኮዲንግ» የሚለውን ስም ሲያወጣ፣ የስህተት መልእክቱን ያለ ምንም ማብራሪያ ለሞዴሉ እየሰጠ፣ እምቢ ሲለውም እስኪጠፋ ድረስ የዘፈቀደ ለውጥ እንደሚያስደርግ ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ይህን ያለው ለሳምንት መጨረሻ ተሠርተው ለሚጣሉ ሥራዎች መሆኑን ነው። የስህተት መልእክትን እንዳለ መስጠቱን እኔም እደግፈዋለሁ፤ መልእክቱ የበሽታው ምልክት ነውና ከእኔ ግምት ይሻላል። የዘፈቀደ ለውጡን ግን የሰው ገንዘብ በሚመዘገብበት ነገር ላይ አልሞክረውም።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። «ልጄ፣ ዛሬ 11 ደረሰኝ አተምኩ። 9ኙ ደህና ናቸው። በሁለቱ ላይ የአያት ስም መጨረሻው ተቆርጧል፤ ሁለቱም ስማቸው ረጅም ነው። ስልኩ ላይ ሳየው ግን ሙሉ ነው» ይላል። አንድም ቃል ሳልጨምር ወደ ጽሑፍ ገልብጬ ለረዳቱ ሰጠሁት። ማተሚያው በአንድ መስመር 384 ነጥብ ብቻ እንደሚያትምና የደረሰኙ ሥዕል በስሙ ርዝመት ልክ እየሰፋ ከዚያ እንደሚያልፍ ነገረኝ፤ ስሙ ሲረዝም ወደ ሁለተኛ መስመር እንዲወርድ አድርገን ከምሳ በፊት ጨረስን። ሐጂ ደብተራቸውን አሁንም ይይዛሉ፤ በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ ከስልኩ ጋር ያመሳክሩታል።